ሆሳዕና ባዶውን ወንበር ያናገረች ዕለት

የጎረቤቴ የኢሳይያስ ልጅ ሆሳዕና ለፈተና ስታጠና አስጠኚዋ እኔ ነኝ። አትሳቁ፤ ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም። ሥራዬ ሱቄ ውስጥ ስኳር እየመዘንኩ ከመጽሐፉ መጠየቅ ብቻ ነው።

«ግነት ምንድን ነው?»

«ነገርን ከልኩ በላይ አግዝፎ መናገር።»

«እሱንማ ከአማን ገበያ ጨርቅ ነጋዴዎች ብትማሪው ይሻልሻል። ሰውኛስ?»

«ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ጠባይ መስጠት። ዝናቡ አኮረፈ እንደማለት።»

«የከተማችን የሚዛን ዝናብ መች አኩርፎ ያውቃል!»

ትስቅ ነበር። እንቶኔ ላይ ስንደርስ ሳቋ ጠፋ። «አጠገብ የሌለን ወይም የሞተን ሰው እንዳለ አድርጎ ማናገር» አለችና መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ዘጋችው።

እናቷ ዓለምሸት የሞተችው ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት ነው። ኢሳይያስ የወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነውና «ጌታ ጋ ሄዳለች፤ ሙሾ የለም፣ ደረት መድቃት የለም» ብሎ በመዝሙር ቀበራት። እኛ ሙስሊሞቹም ዋይታ አይፈቀድልንምና ዝም አልን። እሱ ግን ከዚያ በኋላ ስሟንም ከቤቱ አስወጣው። ልጅቷ «እማዬ» ካለች ብድግ ብሎ የተሰጣ ቡና ሊያገላብጥ ይወጣል፤ አሁን አገላብጦት የገባውን ቡና።

«አንድ ቀን አብሮኝ ቢያለቅስ ሌላ ምንም አልፈልግም» ትለኝ ነበር።

ለወላጆች ቀን ትያትር ሲዘጋጅ መነባንቡን እሷ ጻፈችው። አባቷን ለመነችው፤ እመጣለሁ አለ። ከፊት ቦታ ያዝኩለት። ቡና የሚጭን መኪና መጣብኝ ብሎ ቀረ።

ሆሳዕና መድረኩ ላይ ባዶ ወንበር አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ተነሺ ዓለምሸት፣ ቡናሽኮ ረገፈ፣
በር በሩን እያየሁ፣ ስንቱ ሰው አለፈ።»

መምህራኑ አጨበጨቡ። እኛ ሴቶቹ ግን መነባንብ መሆኑን ረሳነው። ሟች በስሟ ተጠርታ እንዴት ዝም ተብሎ ይሰማል? ማናልሞሽ፣ ያቺ ቁም ነገረኛ ጎረቤታችን፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ «ወይኔ ዓለሜ!» ብላ ተነሳች፤ ሌላው ተቀበላት። ርዕሰ መምህሩ በድምፅ ማጉያው «ወላጆች፣ ትያትር ነው! ትያትር ነው እኮ!» ይላል፤ ማን ይስማው! ሆሳዕናን መሃል አድርገን በጭቃው ወደ ኢሳይያስ ቤት ተመምን። አይፈቀድም ያልኳችሁ እኔም ከፊት ነበርኩ።

መኪናው ሄዷል፤ እሱ ግቢው ውስጥ የተቀደደ ጆንያ እየሰፋ ነበር። ያን ሁሉ ለቀስተኛ ሲያይ መርፌው ከእጁ ወደቀ።

«ማን ሞተ?»

 ሆሳዕና ናት የመለሰችለት። «እማዬ» አለች።

«ዓለምሸትማ...» ብሎ ጀመረ። ስሟ ከአፉ ከወጣ በኋላ መቀጠል አቃተው። ጆንያው ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቱን ጉልበቱ መሃል ደፍቶ በአባቶቹ ቋንቋ በቤንችኛ ማልቀስ ጀመረ። ስንት ዘመን ስንጎራበት በቤንችኛ ሲናገር የሰማሁት ገበያ ላይ ብቻ ነው። ዓለምሸት ከወሎ የመጡ ሰዎች ልጅ ስለነበረች የቤታቸው ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ ልጅቷም በቤንችኛ ከሰላምታ አታልፍም።

ሆሳዕና ተጠግታው ተቀመጠችና ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠጋች።

«እትዬ ዘይቱ፣ ምን እያለ ነው?»

«እኔ የጅማ ሰው ምን አውቄ፣ ልጄ።»

ከጎረቤት ከተማ ከሸዋ ቤንች የመጣች አክስቱ አጠገባችን ነበረች። እሷ እያንዳንዱን ቃል ትሰማለች፤ ከንፈሯን ነክሳ ራሷን ትወዘውዛለች።

«እማማ፣ አንቺ ንገሪኝ» አለቻት ሆሳዕና።

አሮጊቷ ዕንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ላንቺ አይደለም» አለቻት። «ለእሷ ነው የሚነግራት።»

ሆሳዕና ክንዱን ይዛ፣ አንዱም ቃል ሳይገባት፣ አብራው አለቀሰች።