ከአውሮፕላን ይልቅ የጸዳች መርከብ

"አልሆነም። የመርከባችሁ ጭስ ለአንድ ሰው ሲካፈል ከአውሮፕላኑ እኩል ነው የመጣው" አለች ሶክ ሚራን፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል አጣብቃ ይዛ።

ወዲያ ማዶ ያለው የመርከብ ድርጅቱ ትኬት ሻጭ ሃም ዶክሱ ነው።

ሚራን የሳይንስ መምህርት ናት። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎቿ ለትምህርት ጉዞ ወደ ጄጁ ደሴት በአውሮፕላን ሳይሆን በመርከብ ይሂዱ፣ አየሩን ብዙ አንበክልም ብላ የተሟገተችው ራሷ ናት። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ፒዮ ክዋንግሆ ሐሳቡን ከመውደዳቸው ብዛት ስሌቱ ሳያልቅ "በባሕር ተጓዡ፣ አየር የማይበክለው ትምህርት ቤት" የሚል ትልቅ ጨርቅ በሩ ላይ አሰቀሉ። እኛ ዘንድ ደግሞ የተሰቀለ ጨርቅ ማውረድ ሞት ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

"መምህር፣ ጭነቱን ስንት ብለው ነው ያሰሉት?" አለ ዶክሱ።

"እርስዎ የላኩልኝን ነዋ። ጭሱን ለጭነቱና ለሰዉ በየክብደታቸው አካፈልኩት።"

ዶክሱ ከልቡ ሳቀ። "ኧረ እሱ ለወደቡ የምንነግረው ነው። እጥፍ ያድርጉት። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ማን ይመዝናል ብለው ነው? አሁን ያስሉትና ያዩታል፤ ጭሱን ሁሉ ሲሚንቶው ይሸከምልዎታል።"

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሚራን ብዕሯን አስቀመጠች።

"ይሄን ሁሉ ስትጭኑባት ውሃው በጎኗ ከተሰመረው የጭነት ልክ አያልፍም?"

"ሚዛኗን እንድትጠብቅ ከሥሯ የምትይዘው ውሃ አለ አይደል? እሱን ቀነስ እናደርግላታለን፣ ብድግ ትላለች። ስንት ዓመት የሠራንበት ነው። ዛሬም አመሻሹ ላይ ትነሳለች፤ ከገጠር የመጡ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ሞልተዋታል። ነፋስ ቢኖርም ደስ ብሏቸው ነው የሚሄዱት።"

ስልኩን ዘግታ ጭነቱን እጥፍ አድርጋ አሰላች። መርከቧ የአውሮፕላኑ ግማሽ ገደማ ሆና ቁጭ አለች። ስትመኘው የከረመችው ቁጥር ነው፤ ግን መርከቧ የጸዳችው ከአቅሟ በላይ ስለተጫነች ነው። ከላይ ከብዳ ከሥር ቀልላ ነው ማዕበል ላይ የምትወጣው። ልጆቹን እሷ ራሷ ልታሳፍራቸው ነበር። ፈራች፣ በራሷም ተናደደች።

ፒዮ ብቅ አሉ። "እህ፣ ሚራን፣ ወጣልን?"

ሁሉንም ነገረቻቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ለሌላ ሰው ተናግረሻል?"

"ለእርስዎ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ስሚኝ። የመጀመሪያውን ቁጥር እናቀርባለን። 'ልዩነት ስላጣንበት በአውሮፕላን እንሄዳለን' እንላለን። ጨርቁን እኔ አወርደዋለሁ፤ ይሳቁብኝ፣ ግድ የለም። ልጆቻችን ተረፉ፣ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ዛሬ የሚሳፈሩትስ?"

ፒዮ ክፉ ሰው አይደሉም። ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጉ። "የመርከቧ ባለቤት የወላጆች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ታውቂያለሽ። ስምሽ ከወጣ በዚህ ከተማ ማስተማሩን እርሺው። እኔም አላድንሽም፣ ልዋሽሽ አልፈልግም።"

ሲወጡ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት። መስኮቱ በነፋሱ ይንኳኳል። ሚራን የባሕር ጠባቂዎችን ቁጥር ደወለች፤ ያነሳው ወጣት ድምፅ የምትለውን ሁሉ ጻፈ።

"እመቤቴ፣ ስምዎን እንዲሰጡ አይገደዱም። ግን ስም የሌለው ጥቆማ ተራውን ይጠብቃል፤ ዛሬ መድረሱን እንጃ።"

"በስም ከሆነስ?"

"አሁኑኑ ሰው እንልካለን። ድርጅቱም ማን እንደጠቆመ መጠየቁ አይቀርም።"

"ሶክ ሚራን" አለች። ከዚያ ሳይጠይቃት የትምህርት ቤቷን ስም ጨመረችለት።