የመሪጌታ እጅ ሲለካ

ባሕር ዳር ገበያ አጥር ላይ ደርግን የሚሰድብ ወረቀት ተለጥፎ ባደረ ማግስት፣ የቀበሌው ሰዎች “እንዲህ የሚያምር ጽሕፈት የማን ነው?” ብለው ብዙም አልደከሙ። ለሐይቁ ገዳማት መጽሐፍ የሚገለብጡትን መሪጌታ ሀብተ ሥላሴን ይዘው አዳራሽ ዘጉባቸው።

ባለቤታቸው የብርጓል ሮጣ ደረሰች።

“ጓድ ሊቀ መንበር፣ እጃቸው እኮ እንደ እማማ አገርነሽ ይንቀጠቀጣል! ብርጭቆ እንኳ አያነሡ፤ በምን እጃቸው ይጽፋሉ?”

የብርጭቆዋን ነገር የጨመረችው ከራሷ ነው።

ሊቀ መንበሩ አስናቀ ነገር ማጣራት ይወዳል። ሐኪም አስጠራ፤ ጎረቤታቸውን እማማ አገርነሽንም አስመጣ።

ሐኪሙ ሁለቱን አግዳሚ ላይ አስቀምጦ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፈና ወረቀት ጣል አደረገበት። የመሪጌታ ወረቀት ተርገፈገፈ፤ የአሮጊቷ ንቅንቅ አላለም። ቀጥሎ እስከ አፉ ውኃ የሞላ ብርጭቆ አስነሣቸው። መሪጌታ ጠብታ አላፈሰሱም። እማማ አገርነሽ ቀሚሳቸውን አራሱት።

“ልታጥቡኝ ነው የጠራችሁኝ?” አሉ።

አስናቀ ሳቀ። “ታዲያ ይህ እጅ መጻፍ ምን ያቅተዋል?”

ሐኪሙ የብርጓልን ወደ በሩ ወስዶ አንሾካሾከላት።

“የእማማ እጅ ሲሠራ ነው የሚንቀጠቀጥ፤ የእሳቸው ሲያርፍ። ግን የእሳቸው በሽታ ሲጽፉ ፊደሉን ከመስመር መስመር ያሳንሰዋል። የተለጠፈው እስከ መጨረሻው ትልልቅ ነው። ይጻፉና ይለይ። ብቻ እንዳትነግሪያቸው፤ ካወቁ አስመሰሉ ይባላል።”

ሐኪሙ አስናቀን አስፈቅዶ ለመሪጌታ እስክሪፕቶ ሰጣቸው።

“ይህም ብዕር ተብሎ!” አሉና ጀመሩ። የመጀመሪያው መስመር ጎላ አለ፤ ሁለተኛው አነሰ፤ ሦስተኛው ቁንጫ አከለ። አስናቀ ሊያይ ጎንበስ አለ።

መሪጌታ ግን ሲታዩ አፈሩ። እንዲህ የጻፈ ተማሪ ቢያገኙ ይገርፉት ነበር።

“ቆይ፣ ቆይማ።”

“መሪጌታ፣ ይብቃዎ! ይተዉት!”

“ዝም በይ! በሰው ፊት አታዋርጂኝ።”

ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ከእያንዳንዱ ፊደል ጋር እየታገሉ፣ አራተኛውን መስመር እንደ ወንጌል ጉልህና ቀጥ አድርገው ጻፉት።

አስናቀ የተለጠፈውን ወረቀት አምጥቶ ከጎኑ አደረገው።

“ሲጠነቀቁ ጽሕፈቱ ለጊዜው ይመለሳል፣ ጓድ፤ የላይኞቹን መስመሮች ይዩ እንጂ” አለ ሐኪሙ። የሰማው የለም።

ጠባቂው የብርጓልን ክንዷን ይዞ ሲያስወጣት፣ መሪጌታ ደስ ብሏቸው ዞር አሉ።

“አየሽ? እንደ ድሮዬ ጻፍሁት!”