የተጨመሩት ገጾች

ማልቀስ የሚወዱ አንባቢዎች ያናድዱኛል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ "ምን ያለች ጨካኝ ናት" የሚለኝን ሰው ድካም ለመቀነስ ነው። ሥራዬ መጽሐፍ መጠረዝ ነው። የተገነጠለውን እሰፋለሁ፣ የተበላውን ጠርዝ እቆርጣለሁ፣ ሽፋን አለብሳለሁ። የሚመጣልኝ ባብዛኛው የትምህርት ቤትና የቢሮ መዝገብ ነው። መዝገብ ደግሞ ማንንም አያስለቅስም፤ ለዚህም ነው የምወደው።

አንድ ሰኞ በፖስታ አንድ ጥቅል መጣልኝ። የላኩት በሌላ ከተማ የሚኖሩ አንድ ሰዓት ሠሪ ናቸው። አንተዋወቅም፤ አድራሻዬን ያገኙት ከጠረዝኩት መዝገብ ጀርባ ላይ ካለው ማኅተም ነው። ውስጡ የነበረውን ነገር መጽሐፍ ብሎ ለመጥራት ይከብዳል። ሽፋኑ የለም፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ጠፍተዋል፣ ክሩ ተበጣጥሶ የወረቀቱ ቅጠል ሁሉ በላስቲክ ታስሯል። ከላዩ እንዲህ የሚል ደብዳቤ ነበረው፦

"እህቴ፣ ይህ ልብ ወለድ ገበያ ላይ ካለቀ ቆይቷል። ሃያ አራት ሰዎች ሆነን አንዱን ቅጂ በፖስታ እየተቀባበልን እናነበዋለን። አንድ ሰው ሁለት ሳምንት ያቆየዋል። ሲጨርስ ከኋላ ባሉት ባዶ ገጾች ላይ የተሰማውን ጽፎ፣ በስሙ ፈንታ ሥራውን አስፍሮ፣ ለቀጣዩ ይልካል። እኔ አሥራ ሁለተኛው ነኝ። ሁላችንም አንብበን ስንጨርስ ለደራሲዋ ስጦታ አድርገን እንልክላታለን። እኔ እጅ ላይ ሲደርስ ፈረሰ፤ ከእንባ ብዛት ነውና ይቅርታ። እባክሽ ጠርዢልን። ባዶው ገጽም ስላለቀ ጨምሪበት፤ መሃል ላይ መጻፍ የሚፈልጉም ስላሉ ከመሃልም ከኋላም የቻልሽውን ያህል። ስትጨርሺ በዝርዝሩ ላይ ላለችው ለአሥራ ሦስተኛዋ ላኪላት።"

ከእንባ ብዛት አሉ እንግዲህ። ሙጫውን ያስለቀቀው አንዱ አንባቢ የደፋበት ሻይ ነው፤ ቀለሙን አውቀዋለሁ።

ጠራዥ ሲሠራ አያነብም፤ የሚያየው የገጽ ቁጥር ነው። ስድሳ፣ ስድሳ አንድ፣ ስድሳ ሁለት እያልኩ ሳስተካክል ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ተተከለ። "አባዬን ሳገላብጠው እንደ ታጠፈ አንሶላ ቀለለኝ" ይላል። ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዛሬ ሰባት ዓመት፣ በዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ለታላቅ እህቴ በላክሁላት ደብዳቤ። የአድራሻውን ዝርዝር አንስቼ መጨረሻውን አየሁ። "ለደራሲዋ" ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈው የእህቴ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ነው፤ መጽሐፍ መጻፏን እንኳ አላውቅም ነበር።

ሥራዬን ትቼ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ምሳም አልበላሁ። አባታችን ጉሮሮውን በሕክምና ተቀዶ ድምፁን ካጣ በኋላ ስድስት ዓመት አልጋ ላይ ነበር። ስድስቱንም ዓመት ያስታመምኩት እኔ ብቻ ነኝ። እህቴ በትልቁ ከተማ ሥራ ነበራት፣ ባል ነበራት፣ ሁልጊዜም ምክንያት ነበራት። በስድስት ዓመት ሦስት ጊዜ መጥታለች፤ ሦስተኛው ለቀብሩ ነው። እኔ ግን በየሳምንቱ እጽፍላት ነበር። እንዴት እንዳጠብኩት፣ ሾርባውን በማንኪያ እንዴት እንዳጠጣሁት፣ ጺሙን ስላጨው እንዴት እንደሚኮሳተር። ያ ሁሉ ደብዳቤ ልብ ወለድ ሆኖ ፊቴ ተቀምጧል፣ ቃል በቃል። አጣቢዋም፣ መጋቢዋም፣ ጺም ላጪዋም ግን ታላቅየዋ ናት። እህቴ ከራሷ የጨመረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክፉ ታናሽ እህት። ታናሽየዋ የአባቷን የእጅ ሰዓት ሰርቃ ከከባድ መኪና ሹፌር ጋር ትጠፋለች። እኔን! መኪና ገና ከመነሳቱ የሚያስመልሰኝን ሰው!

አንባቢዎቹ የጻፉትን አየሁ። "እንደ ታላቅየዋ ያለች ልጅ ለእኔም ይስጠኝ። — ጡረተኛ።" "ታናሽየዋ ሰው ናት ወይስ ድንጋይ? — የሒሳብ መምህር።" "ያቺን ሹፌር ወዳድ ባገኛት በጥፊ ነበር የማጮላት። — ዳቦ ጋጋሪ።" አሥራ ሁለት ሰው። አሥራ ሁለቱም በእኔ ዓረፍተ ነገር አልቅሰው እኔኑ ረግመውኛል።

ሳልዋሽ ልናገር፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ኩራት ነው። ገጽ ስድሳ አንድ ላይ አንድ የደረቀ ጠብታ ነበር፣ ይሄኛው የምር እንባ ነው፣ እሱን ያወረደው የእኔ ቃል ነው። ቁጣው ከኋላ መጣ፣ ሲመጣ ግን አንጀቴን አሳረረው። ከእነዚያ ስድስት ዓመታት ሌላ እኔ ምን አለኝ? ትዳር አልያዝኩ፣ ልጅ አልወለድኩ፣ ከዚህ ሱቅ ርቄ አላውቅ። "ዕድሜሽን ምን አደረግሽበት?" ብሎ የሚጠይቀኝ ቢመጣ "አባቴን አስታመምኩበት" ነው የምለው። እሷ ይህንን ወሰደችብኝ። መውሰዷ አልበቃ ብሏት በእኔው ላይ አዞረችው። እንግዲያው አስመልሳለሁ አልኩ። በእነዚሁ አንባቢዎች ፊት አስመልሳለሁ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ መጽሐፉ እጇ ገብቶ ራሷ ታነበዋለች።

መንገዱን ለማግኘት ብዙ አላሰብኩም። አባዬ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ የሚያናግረኝ በጽሑፍ ነበር። ከመዝገብ ጠርዝ የምቆርጠውን ትርፍ ወረቀት ከእርሳስ ጋር ትራሱ ሥር አደርግለታለሁ። እሱ ይጽፋል፣ እኔ ከግርጌው ቀኑን እጽፋለሁ፤ የሥራዬ አመል ነው፣ ቀን የሌለው ወረቀት አልወድም። "ውሃ።" "ትራሱን ከፍ አድርጊው።" "ሾርባው ጨው በዝቶበታል፤ ልትገድይኝ ነው?" ሁሉም በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ተቀምጠው ነበር።

ሠላሳ ስምንት መረጥኩ። አባትየው ታላቅየዋን በዓይኑ ሲያመሰግን አንባቢውን ሁሉ ባስለቀሰው ገጽ ፊት ለፊት፣ የዚያኑ ወር ቀን የያዘውን "ትልቋ ዛሬም አልጻፈችም?" የሚለውን ወረቀት አስገባሁ። ታላቅየዋ ጠዋት ጠዋት መስኮት በምትከፍትለት ገጽ ፊት "ትልቋ መቼ ነው የምትመጣው?" የሚለውን። ታናሽየዋ ከሹፌሯ ጋር በምትኮበልልበት ምዕራፍ ፊት ደግሞ "ትንሿ፣ ቶሎ ነይ፤ አልጋው ረጥቧል" የሚለውን። እያንዳንዱን ቁራጭ በነጭ ቅጠል ላይ ለጥፌ፣ ቅጠሉን ሰም በተቀባ ክር ከመጽሐፉ ጋር ሰፋሁት። መገንጠል የሚፈልግ ሰው መጽሐፉንም አብሮ ይቀደዋል።

አንድ ነገር ግን አንገብግቦኛል። ከሠላሳ ስምንቱ አሥራ ዘጠኙ የሚጠይቁት ስለ እሷ ነው። እኔን የሚያመሰግን አንድ ወረቀት ፍለጋ ቆርቆሮውን ሁለት ጊዜ ገለበጥኩት፤ አላገኘሁም። እኔ እዚያ እንደነበርኩ ለማሳየት፣ እሱ እሷን ሲናፍቅ እንደኖረ ማሳየት ነበረብኝ። ጥርሴን ነክሼ ሰፋሁት።

በመጀመሪያው ቅጠል ላይ በእጄ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ባዶ ገጽ ጨምሪ ተባልኩ። ጨምሬያለሁ፤ ባዶ ግን አይደለም። ወረቀቶቹ የአባቴ ናቸው። ይህ ታሪክም ከእኔ ደብዳቤዎች የተገለበጠ ነው። ሹፌር የሚባል አላውቅም። — ጠራዥ፣ ታናሽ እህት።" ጠቀለልኩት፣ ቴምብር ለጠፍኩ፣ ላክሁት።

ወር ሳይሞላ ደብዳቤ ይደርሰኝ ጀመር። አሥራ ሦስተኛዋ አንባቢ ነርስ ነበረች። "ሃያ ዓመት የሕሙማን ክፍል ሠርቻለሁ" ትላለች። "በሽተኛ ሲጣራ የሚጠራው የራቀውን ሰው ነው። ብርጭቆውን የያዘችለትን ለምን ብሎ ይጥራት? አጠገቡ ናት እኮ።" ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልናገርም። ወሬው ወደ ኋላም ዞሮ፣ ቀድመው ያነበቡት ጆሮ ደረሰ። የሒሳብ መምህሩ በሁለት ገጽ ሙሉ ይቅርታ ጠየቁኝ። ዳቦ ጋጋሪው በአንድ መስመር ተገላገለው፦ "ጥፊው ወደ ታላቅየዋ ተዛውሯል።" ብቻዬን ሱቅ ውስጥ ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ። በየሁለት ሳምንቱ ዝርዝሩን እያየሁ፣ አሁን አሥራ ስምንተኛው ጋ ነው፣ አሁን ሃያ አንደኛዋ ጋ ነው እላለሁ። ወደ እሷ እየቀረበ መሄዱን ሳስብ የምግብ ፍላጎቴ ሁሉ ተከፈተ።

ስድስት ወር አልፎ አንድ ከሰዓት በኋላ እህቴ የሱቁን በር ከፍታ ገባች። መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። ከቀብሩ ወዲህ አራት ዓመት አልተያየንም፤ ፀጉሯ ከፊት ሸብቷል።

"ሚጡ" አለችኝ። ልጆች ሳለን የምትጠራኝ እንዲያ ብላ ነው።

"ደህና ዋልሽ" አልኳት። "እቴቴ" ልላት ይገባ ነበር፤ አፌ እምቢ አለ። መቀመጫም አላቀረብኩላት።

መጽሐፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። "አዋረድሽኝ። አሥራ ሁለት ሰው በገዛ እጁ ጽሑፍ ሌባ አለኝ። ምን ነበረበት ደውለሽ ብትሰድቢኝ? ለብቻችን ብንጣላ?"

"አንቺ ስትጽፊ ደውለሽ አማከርሽኝ?"

የጓንቷን ጣት እየጎተተች ቆየች። "እዚያ በነበርኩ ብዬ ነው የጀመርኩት" አለች። "ደብዳቤዎችሽን ሳነብ፣ ሲያጥበው የሚታየኝ የራሴ እጅ ነበር። ስጽፍ ስጽፍ እውነት መሰለኝ።"

"እኔንስ? እኔን ለሹፌር የዳርሽኝ ምን ታይቶሽ ነው?"

"ታሪኩ ክፉ ሰው ፈለገ" አለች ቀስ ብላ። "ሁለታችንም ደጎች ከሆንን ማን ያነበዋል?"

እጄ ላይ የነበረውን ወስፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ይዤው ብቆይ ጥሩ አልነበረም።

"ለክርክር አይደለም የመጣሁት" አለች። "አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ጠይቆኛል፤ ቆጥሬዋለሁ። ለምን አልነገርሽኝም?"

"በየደብዳቤው 'መቼ ትመጫለሽ?' እልሽ አልነበር?"

"ያንቺ ጭቅጭቅ መስሎኝ ነበር እኮ! እሱ መሆኑን በምን ልወቅ?" የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። "እሺ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝና እሄዳለሁ። ስለ መጨረሻው ቀን 'ተኝቶ ሄደ፣ ምንም አላወቀውም' ብለሽ ጽፈሽልኛል። እኔ ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዤ ነው እስከ ዛሬ ሰው የሆንኩት። መጽሐፌም በእሷ ነው ያለቀው። እውነትሽን ነው?"

እውነቴን ነበር። ያን ቀን ከምሳ በኋላ ሾርባውን ጠጣ፣ መጋረጃውን ዝጊው ብሎ በእጁ አመለከተኝ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ እሰፋ ነበር። ክሩን ቋጥሬ ቀና ስል ትንፋሹ የለም። ፊቱ ላይ አንዲት ጭንቀት አልነበረችም። ማንንም አልጠራም።

"አይደለም" አልኳት። "እንዳትጎጂ ብዬ ነው እንደዚያ የጻፍኩልሽ።"

ቀና ብላ አየችኝ።

"ያን ቀን ፈጽሞ አልተኛም። ከጠዋት ጀምሮ ፊቴን ወደ በሩ አዙሪልኝ ብሎ አመለከተ፣ አዞርኩለት። ከውጭ ኮቴ በሰማ ቁጥር አንገቱን ቀና ያደርጋል። ከምሳ በኋላ በሩ ሲንኳኳ ፈገግ አለ። አንቺ መስለሽው ነው። በእጁ ፀጉሩን ሊያስተካክል ሞከረ። ስከፍተው ፖስተኛው ነው። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ከበሩ ላይ አላነሳም፤ የከደንኩለትም እኔ ነኝ።"

የፖስተኛው ነገር ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ስናገረው በራሱ እየጨመረ መጣ።

ያቺ ሃያ አራት ሰው ያስለቀሰች ሴት አላለቀሰችም። ከበሩ አጠገብ በተደረደሩት መዝገቦች ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ለረጅም ጊዜ የሱቁን በር ስታይ ቆየች።

"ፖስተኛው ምን ይዞ ነበር?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ያንቺን ደብዳቤ" አልኳት። "'በዚህ ወርም አልተመቸኝም' የሚለውን።"

ተነሳች። የበሩን እጀታ ሁለት ጊዜ ስታው በሦስተኛው አገኘችው። መጽሐፏን ትታ ወጣች። እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ በመስታወቱ እያየኋት ነበር። እንደ አሮጊት ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምትራመደው። ልጠራት እችል ነበር፤ "ውሸቴን ነው እቴቴ፣ ተኝቶ ነው የሄደው" ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኛል። አልጠራኋትም። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልክድም፤ አባዬ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። የፖስተኛው ነገር ደግሞ እሷ ራሷ ብትጽፈው ከዚያ በላይ አታሳምረውም።