የአግማስ ወንበር

ደመናው ከጦሳ በኩል ሲመጣ የአትጠገብ ገብስ ታጭዶ ቦሩ ሜዳ ላይ ተኝቶ ነበር። ዝናብ ካገኘው ነዶው እዚያው መሬት ላይ ይበቅላል፤ የዓመቱ እህል ደግሞ ሌላ የለም። ወደ ግቢዋ የሚያጓጉዝላት አንድ አሮጌ ትንሽ ትራክተር ነው። የጓሮ ሣር ለማጨድ ተሠርቶ፣ ምን እንደበደለ ባይታወቅም፣ ቦሩ ሜዳ ጋሪ እየጎተተ የሚያረጅ። እሱም ጠዋቱን ሙሉ እየተነሳ ይጠፋል።

የሚነዳው የባሏ ወንድም አግማስ ነው። አግማስ ጨዋ ነው። ጨዋ ሲባል፣ ትልቅ ሰው ሲያልፍ ተቀምጦ አያውቅም።

ከኮምቦልቻ በሚኒባስ የመጣው መካኒክ ከሊድ ካንዴላውን ፈትቶ ጫፉን ከሞተሩ ብረት አስጠጋና ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን አግማስን «ቁልፉን አዙረው» አለው። ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ።

«እሳትማ አለው፤ ወላሂ አማቴን ነው የሚመስለው!»

ካንዴላውን መልሶ አሰረ። ሞተሩ ተነሳ፤ ጋሪው ተንቀሳቀሰ። አትጠገብ ነዶ ታቅፋ ወደ ጋሪው ሮጠች። ይሄኔ አንዲት አሮጊት ከሆስፒታል ሲመለሱ በዱላቸው እየተደገፉ በመንገዱ አለፉ። አግማስ ብድግ አለ።

«ኖር እማማ!»

«በእግዜር ልጄ፣ ተቀመጥ።»

ሞተሩ ጸጥ አለ።

«ቦቢናው ነው» አለ ከሊድ። ከቦርሳው ሌላ አውጥቶ ቀየረ። ትራክተሩ ተነሳ። አንድ ሽማግሌ በበቅሎ አለፉ። አግማስ ብድግ አለ። ሞተሩ ጸጥ አለ።

«ገመዱ ይሆናል» አለ ከሊድ፤ ድምፁ ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

አትጠገብ ነዶውን ጣለች። «ገመድ አትበለኝ! ሰው ባለፈ ቁጥር ነው የሚጠፋው። ዓይን ነው!»

«እትዬ፣ አይባልም» አለ አግማስ። «ትልልቅ ሰዎች እኮ ናቸው።»

«ትልልቅ ዓይን ነዋ ያላቸው!»

የመጀመሪያዋ ጠብታ ከሊድ እጅ ላይ አረፈች። በመንገዱ ማዶ የአግማስ የንስሐ አባት ቄስ ይርጋ ጥላቸውን ይዘው ብቅ አሉ። አትጠገብ መቀነቷን አጠበቀች።

«እመልሳቸዋለሁ። በላይኛው መንገድ ይሂዱ።»

አግማስ ደነገጠ። ቄሱን ዓይነ ክፉ ልትላቸው ነው።

«ቆይ እናቴ» አለ ከሊድ። «አግማስ፣ አስነሳው።» ሞተሩ ተነሳ። «ብድግ በል።» ጠፋ። «ተቀመጥና አስነሳ።» ተነሳ። «ብድግ በል።» ጠፋ።

ከሊድ አግማስን አስወርዶ ወንበሩን ገለበጠው። ከሥሩ አንዲት ማጥፊያ ነበረች፤ ነጂው ከወንበሩ ቢወድቅ የሣር ማጨጃው ስለት እንዳያገኘው ሞተሩን የምታጠፋ።

«ሱብሃነላህ! ከጠዋት ጀምሮ የሚያለፋኝ ያንተ ጨዋነት ነው?»

«በጥሳት በቃ!» አለች አትጠገብ።

«ገመዱን አይጥ በልቶታል» አለ ከሊድ፤ ወደ አግማስም ዞረ። « የቱ ከየቱ እንደሚገናኝ እስክለይ ዝናቡ ይቀድመኛል። እኔ እንዳልነዳው ማርሹ ካንተ በቀር ለማንም አይገባም። ስለዚህ አትነሳ።»

«ለቄስ ይርጋም?»

«ለማንም!»

ቄስ ይርጋ ደረሱ። የአግማስ ጉልበት በራሱ ፈቃድ ተነሳ፤ ሞተሩን አንድ ጊዜ አሳለው። አግማስ መሪውን ጨብጦ ተመልሶ ዘፍ አለ።

«ኖር» አለ፣ እንደተቀመጠ። እንዲህ ብሎት ስለማያውቅ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ቄሱ ቆም ብለው አዩት። ከዚያ ቀርበው መስቀል አሳለሙትና «እግርህን ምን አገኘው ልጄ?» አሉ።

«አይጠይቁት አባታችን» አለ ከሊድ ነዶ እየወረወረ። «ዛሬ መነሳት አይችልም!»

ቄስ ይርጋ ከንፈራቸውን መጠጡ። ጥላቸውን አጥፈው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ነዶ አነሱ። እሳቸውን ያዩ መንገደኞችም ገቡ፤ ባለ በቅሎው ሽማግሌ ሳይቀሩ ተመልሰው መጡ። ሽበታም ሁሉ ጎንበስ ቀና ሲል አግማስ እንደ ሹም ከላይ ተቀምጦ ያያል።

«እትዬ፣ ልውረድ። አልቻልኩም።»

«ብትወርድ እስክሞት አላናግርህም!»

የመጨረሻውን ጭነት ሁሉም ተከትለው ግቢዋ ደርሰው ሸራ ሥር ሲያስገቡት ዝናቡ ተዘረገፈ። አግማስ ዘሎ ወርዶ ቄሱ እግር ላይ ተደፋ።

«እሰይ! ዳነልህ» አሉ ቄስ ይርጋ።

«አባቴ፣ ወንበሩ ሥር ማጥፊያ አለ፣ እሱ ነው እኮ...»

«የእግዚአብሔርን ሥራ አትመርምር ልጄ።»

አትጠገብ አልሰማቻቸውም። እጇን ነዶው መሀል ከታ ቆየች። ደረቅ ነበር።