ከጠረጴዛው ስር ያለው ጠመኔ

አባዬ ልብስ ሰፊ ነው። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው፤ በአንዱ እንተኛለን፣ በአንዱ እሱ ይሰፋል። በሚሰፋበት ክፍል ክርና ብናኝ የማይገባበት ቦታ የለም፤ ሻይ ስትጠጣ እንኳ ጥርስህ መሃል ክር ታገኛለህ። እማዬ እያለች ጠዋት ማታ ትጠርገው ነበር። እሷ ካረፈች ወዲህ መጥረጊያው ለእኔ ደረሰኝ። እኔ ደግሞ ስጠርግ ቆሻሻውን ከወለል ወደ አየር ነው የማዛውረው። አባዬ ያስላል። የክሊኒኩ ነርስ ደረቱን አዳምጣ፣ ይሄ ብናኝ ካልቀረ ሳሉም አይቀርም አለችው።

ታላቅ ወንድሜ ታክሲ ነጂ ነው፤ ከተሳፋሪ የሰማውን ሁሉ ያምናል። አንዱ ተሳፋሪ በራሱ እየዞረ ስለሚጠርግ ሮቦት አውርቶለት ቤት ሲገባ ሌላ ወሬ ጠፋ። አባዬ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ውሃ ያለው ነው ወይ አለ።

ለምን እንደጠየቀ ሁላችንም እናውቃለን። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፤ ስሟን እንኳ መጻፍ አትችልም ነበር። የደንበኞች መጋረጃ ልክ የምትይዘው ወለሉ ላይ በጠመኔ እያሰመረች ነው። ግድግዳው ስር ትንበረከክና በክንዷ ትለካለች፣ ከክርኗ እስከ ጣቷ ጫፍ፣ ከዚያ መስመር። ለወጥ ቤት መስኮት ከመስመሩ ጎን ኩባያ ትስላለች፣ ለመኝታ ቤት ትራስ፣ ለሳሎን ደግሞ ሰው የተቀመጠበት ወንበር። ሰውየው መቼም ጆሮ ኖሮት አያውቅም። ስስቅባት፣ መጋረጃ ለዓይን ነው፣ ለጆሮ ምን ይሠራለታል ትለኝ ነበር።

ከቀብሯ ስንመለስ አባዬ የመቁረጫ ጠረጴዛውን ከመስኮቱ ስር አንስቶ፣ ጨለማው ግድግዳ ስር የቀረው የጠመኔ መስመሯ ላይ አቆመው፣ ማንም እንዳይረግጠው። ልብሷን ለአክስቶቼ ሳይሰስት አከፋፈለ። ከጠረጴዛው ስር መጥረጊያ ላስገባ ስል ግን በዓይኑ ይይዘኛል። በእጇ የጻፈችው ዓለም ላይ ያ ብቻ ነው።

ሱቁ ውስጥ ሮቦቶቹ እንደ ድስት ክዳን ተደርድረዋል። ሻጩ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አይበልጥም፤ ግን ክራቫት አስሮ፣ "የኔ እህት" እያለ ስለ መምጠጥ ኃይል ይሰብካል። ቤታችን ክር በክር መሆኑን ስነግረው፣ ደረቁ ትልልቁን ይለቅማል እንጂ ደቃቁ ብናኝ ይቀረዋል፣ ለሳል የሚሻለው ከኋላው እርጥብ ጨርቅ የሚጎትተው ነው አለ። እኔ ደረቁን ያዝኩ። ወንድሜ እርጥቡን ያዘ። ሰው እያየን ተነታረክን። በመጨረሻ ሻጩ ስልኩን አውጥቶ ሮቦቱ እየዞረ የሚስለው የቤት ካርታ ላይ ቀይ ሳጥን እንዴት እንደሚሰመር አሳየን። ቀይ የተደረገበት ቦታ ብትለምኑትም አይገባም አለ። ብቻ እየሠራ ከመሬት እንዳታነሱት፤ ያለበት ይጠፋበትና ካርታውን እንደ አዲስ ይጀምራል።

"አየሽ፣ ከአንቺ ይሻላል" አለኝ ወንድሜ። "እሱ ሲከለከል ይሰማል።"

እርጥቡ ተገዛ።

ስሙን ኤሊው አልነው። ትምህርቴን ስድስተኛ ላይ ያቋረጥኩት እማዬን ላስታምም ስለሆነ፣ ካርታ ማንበብ የተማርኩት ከኤሊው ነው። ቀዩን ሳጥን ራሴ ከጠረጴዛው በእጥፍ አስፍቼ አሰመርኩት። ኤሊው እዚያ ጋ ሲደርስ አማቷን እንዳየች ምራት ቆም ይልና ዞሮ ይሄዳል። ውሎ አድሮ የአባዬ ሳል ቀለል አለው። ብቻውን ሲሆንም ኤሊውን ያወራዋል፤ እዚህ ጋ ረስተሃል፣ ወዲህ ና ይለዋል። ከእማዬ በኋላ በዚያ ክፍል ሲያወራ የሰማሁት ያኔ ነው።

አንድ ቀን ለደንበኛ መጋረጃ አድርሼ ስመለስ አባዬ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ኤሊው ቻርጁ ላይ ቆሞ፣ የቤት ሥራውን እንደጨረሰ ተማሪ መብራቱ ቦግ ብሏል።

ለካ እኔ ሳልኖር ኤሊውን ክር አንቆት ነበር። ጎማው ላይ ተጠምጥሞበት ሲጮህ አባዬ ሰማው። እየሠራ አይነሳም ብዬ ነግሬው ነበር፤ ግን ክር የያዘውን ነገር ዝም ብሎ ማየት ለልብስ ሰፊ አይሆንለትም። አነሳው፣ ገለበጠው፣ በትንሿ መቀስ ክሩን እየቆረጠ አወጣለት፣ ብሩሹን ሳይቀር አበጠረለት። ከዚያ በል ሂድ ብሎ አስቀመጠውና ወደ ስፌት መኪናው ተመለሰ። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሲሰፋ፣ ቀዩ ሳጥን የጠፋበት ኤሊ ከጠረጴዛው ስር ገባ። በመኪናው ጩኸት ላይ ማን ይሰማዋል።

ተንበርክኬ አየሁ። ወለሉ ንጹሕ ነው። እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ወንድሜ ሲመጣ ቆሞ ስልኩን ይበረብር ጀመር። የታክሲው ፎቶ አለ፣ እኔ ምላሴን ያወጣሁበት አለ፣ የእማዬም ጥቂት አለ። የወለሉ የለም። ወለል ማን ፎቶ ያነሳል። ንዴቱን የሚወጣበት ሲያጣ ኤሊውን ከግድግዳ ሊያላትመው አነሳው።

"ተው" አለው አባዬ። "እሱ ምን ያውቃል። እኔ ነኝ ያስገባሁት።"

ከዚያ ከኪሱ ጠመኔ አውጥቶ ሰጠኝና፣ እስቲ ለኪ አለኝ። ልኩ በሜትርም ይገኛል፤ እሱም ያውቃል።

ከጠረጴዛው ስር ገብቼ ክርኔን ከግድግዳው አስጠጋሁ፣ ጣቴን ዘረጋሁ። የእማዬ የመጀመሪያ መስመር የሚያርፈው ሲሚንቶው የተሰነጠቀበት ጋ ነበር፤ ያንን ሁላችንም እናስታውሳለን። የእኔ ጣት ስንጥቁን አልፎ ሄደ። ክርኔን አስተካክዬ ደገምኩ። አሁንም አለፈ። አባዬ አጠገቤ ተንበርክኮ የራሱን ክንድ ከጎኔ ዘረጋ። ልንተካከል ምንም አልቀረን።

"በእኔ ወጣሽ" አለ።

ስንጥቁ ላይ መስመር አሰመርኩ፤ ቀጥ ያለ መስመር ሆነ፣ የእሷ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያዘነብል ነበር። ኩባያውን ልስል ጀመርኩና የእጀታው ነገር ጠፋኝ። በየትኛው በኩል ነበር የምታደርገው አልኩት። አባዬ አሰበ። ዓይኑን ጨፍኖ አሰበ።

"እኔ እንጃ፣ ልጄ" አለ።

ወንድሜም አያውቀውም።

አባዬ ጉልበቱን ይዞ ተነሳና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። እንግዲህ እዚህ ጨለማ ውስጥ ምን ይሠራል፣ ያዙልኝ አለን። ሦስታችንም ይዘን ወደ መስኮቱ መለስነው። ለመቁረጥ ብርሃኑ እዚያ ይሻላል።