ጣራው ቀድሞ የተመታ ቤት

ጣቱ መስኮቱ ውስጥ ተቀርቅሮ ቀረ። ቢገፋው አይሄድ፣ ቢስበው አይወጣ። ጉድ እኮ ነው! ዕድሜውን በሙሉ ፎቅ ሲገነባ የኖረ ሰው በአሻንጉሊት ቤት ተይዞ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል።

“አባባ፣ ሳሙና ላምጣልህ?” አለች ልጁ ሚጣ፣ ሳቋን በመዳፏ አፍና።

“አትሳቂ አንቺ። አሁን ይወጣል።”

“ሲወጣ መስኮቱም አብሮ ይወጣል።”

ሳሙናው መጣ፤ ጣቱም ተላቀቀ። ግድግዳው ላይ ሊለጥፈው የታገለበት አበባማ ወረቀት ግን ተጨማዶ ውስጥ ወድቆ ቀረ።

የሥራ ባልደረቦቹ “ውሃ ልክ” ነው የሚሉት። እሱ የገነባው ግድግዳ ላይ መለኪያው ቢያርፍ አረፋዋ ከመሀል ንቅንቅ አትልም ለማለት ነው። ይህንን ተገጣጣሚ ቤት ከነካርቶኑ ተሸክሞ ሲገባም፣ ከስስ ጣውላ የተቆረጡትን ግድግዳዎች፣ ደረጃውንና የቤት ዕቃውን ወለሉ ላይ ዘረገፈና መመሪያውን ወደዚያ ወረወረው። ለእሱ ነው ደግሞ የቤት አሠራር የሚነገረው? እሱ የሚያውቀው የሥራ ቅደም ተከተል አንድ ነው፤ ግድግዳ ይቆማል፣ ጣራ ይመታል፣ ልስኑና ወለሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ጣራ ሳይመታ ልስን የጀመረ ሰው፣ አንድ ዶፍ ልፋቱን ሁሉ አጥቦ ይወስድበታል። እናም ትናንት ከሥራ እንደገባ ግድግዳዎቹን አቁሞ፣ ጣራውን በማጣበቂያ ጥርቅም አድርጎ ከደነው። ክፍሎቹ ባዶ፣ ግድግዳዎቹ ራቁታቸውን፣ መግቢያው ደግሞ የክብሪት ሳጥን የሚያህል በርና መስኮት ብቻ ሆነ።

“ወረቀቱ ላይ እኮ ጣራው መጨረሻ ነው” አለች ሚጣ ሥዕሎቹን እያገላበጠች። “መጀመሪያ ውስጡ ያልቃል፣ ከዚያ ይከደናል።”

“ዝናብ ቢመጣስ?”

“እዚህ? አልጋችን አጠገብ?”

እሱም ሳቀ። ሳቁ ግን አልዘለቀም። ዝናብ በዚህ ቤት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እንደ ዋዛ የሚነሳ ነገር አይደለም።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው። ዶፍ በጣለበት በዚያ ቀን ሥራ ቦታው ላይ የኮንክሪት ሙሌት ነበር። ሙሌት ከተጀመረ “ልተወውና ነገ ልጨርሰው” አይባልም፤ ግማሹ ከደረቀ በኋላ ግማሹ ቢጨመር መሰንጠቁ አይቀርም። ማደባለቂያው መሀል ላይ ተበላሸና፣ በቀን ያልቃል የተባለው ሥራ እስከ ማታ ተጎተተ። ስልኩ ታች ቦርሳው ውስጥ፣ እሱ ላይ ፎቅ። ሚጣን ከትምህርት ቤት መልስ የምትይዝለት ጎረቤት ደግሞ ድንገት ታማ ሐኪም ቤት ሄዳ ኖሯል፤ እስካሁንም አልተሻላትም። ሲመጣ ልጁን የተዘጋ በር ተደግፋ፣ ልብሷ በስብሶ፣ ደብተሮቿን በሹራቧ ጠቅልላ እንቅልፍ ወስዷት አገኛት። በማግስቱ ትኩሳት፣ ከዚያ የሳንባ ምች። እናቷ አምና ያረፈችበት ሐኪም ቤት ልጅቷንም አስተኝቶ አከማት።

ይህን ጊዜ ነው አክስቷ ከሌላ ከተማ የመጡት፤ የእናቷ ታላቅ እህት፣ አስተማሪ ናቸው። ቢቆጡት፣ ስድቡን እንደ ውሃ ቢያፈሱበት በወደደ ነበር። እሳቸው ግን የልጅቷን ግንባር ዳሰስ አድርገው፣ “ትንሽ ትጠንክር፤ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳታለሁ” ብቻ አሉት። እሱም በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። ምን አፍ አለው? ቅዳሜ ደግሞ ዛሬ ነው።

ቤቱን ለምን እንደገዛው ራሱም በቅጡ አያውቅም። ስትሄድ ይዛው እንድትሄድ ይሁን ወይም ጭርሱን እንዳትሄድ፣ አልለየለትም። የሰው ቤት ሠርቶ ሠርቶ የሚኖረው በዚህች አንዲት የኪራይ ክፍል ነው፤ ቢያንስ አንድ ባለ ፎቅ ለልጁ ልሥራላት ብሎ ይሆናል።

ተስፋው በሙሉ አንድ ስልክ ላይ ተንጠልጥሏል። የሥራ አለቃውን፣ ፎርማኑን፣ የዕቃ ስቶር ጠባቂነቱን ሥራ እንዲሰጠው ለምኖታል። ስቶር ጠባቂ በሰዓቱ ቆልፎ ይሄዳል፤ ሙሌት ቢኖር ባይኖር ግድ የለውም። ፎርማኑም “ቅዳሜ እደውልልሃለሁ” ብሎታል። እሺ ከተባለ፣ አክስትየዋን ፊት ለፊት አይቶ “ልጄ እኔው ጋ ትሁን” ይላል፤ ቃሉን ሌሊቱን ሙሉ ሲለማመደው አድሯል። አሁንም ስልኩን ጉልበቱ ሥር አስቀምጦ በዐይኑ ጭራ ይጠብቀዋል።

“ተወው በቃ፣ እኔ እሠራዋለሁ” አለች ሚጣ እጅጌዋን ሰብስባ። “የኔ እጅ ይገባል።”

እውነትም ገባ። በበሩ ገብቶ እስከ ጓዳው ደረሰ።

“አሁን እኔ ግንበኛ ነኝ፣ አንተ የቀን ሠራተኛ ነህ። ማጣበቂያ!”

“እሺ እመቤቴ።”

“ወረቀት! ኧረ ይሄ ተጣሟል፣ ሌላ ቁረጥ።”

“እሺ እመቤቴ። ምሳ ሰዓት የለንም እንዴ?”

“ሥራው ሳያልቅ የለም። ደረጃውን አቀብለኝ!”

ሲቆርጥ፣ ሲቀባ፣ ሲያቀብል፣ በመስኮት አጮልቆ “ትንሽ ወደ ግራ፣ እ... በቃ እሱ ጋ” ሲል ረፋዱ አለቀ። የላይኛው ክፍል አበባ ለበሰ። ደረጃው ቆመ፣ አልጋውና ጠረጴዛው ገቡ። እንዲያውም ስልኩን ለጥቂት ጊዜ ረስቶት ነበር።

የቀሩት ሦስቱ ትንንሽ አሻንጉሊቶች ናቸው፤ አባት፣ እናትና ልጅ። እናትየዋን ከሚጣ ዐይን ሊሸሽጋት እጁን ወደ ካርቶኑ ሲሰድ ሚጣ ቀደመችው።

“እናትየዋ ደክሟታል” አለችና በመስኮቱ አስገብታ አልጋው ላይ አስተኛቻት።

“አባትየውስ?” አለ።

“ሥራ ነው።” ከቤቱ ራቅ አድርጋ የካርቶኑ ክዳን ላይ አቆመችው።

“ልጅቷስ፣ እመቤቴ?”

ሚጣ ልጅቷን ደጃፉ ላይ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ አስቀመጠቻት። “እየጠበቀችው ነው” አለች። “አታለቅስም እኮ። ዝም ብላ ነው የምትጠብቀው።”

“በሩ ክፍት ነው፣ ወደ ውስጥ አስገቢያት” ሊላት አሰበና ተወው። ያን ቀን ክፍት አልነበረማ።

ስልኩ ጮኸ። ፎርማኑ ነው።

“ውሃ ልክ፣ ያ ስቶር ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው፤ እኔ የምችለውን ሞክሬ ነበር። ይልቅ ሰኞ ሙሌት ስላለን በጠዋት ድረስ።”

“ማታ ግን በጊዜ...”

“አንተ ደግሞ! ሙሌት አታውቅም እንዴ? ካልተመቸህ አሁኑኑ ንገረኝ፣ ሰው እንደሆነ ሞልቷል።”

“እመጣለሁ” አለ።

ሌላ ምን ይበል? ቢቀር ሥራው የለም፤ ሥራው ከሌለ ኪራዩም ዳቦውም የለም። ቢሄድ ደግሞ ልጁ ደጃፍ ላይ ናት። ነገሩን በዚህም በዚያም ቢያገላብጠው መውጫ አጣለት። ግድግዳ ተጣሞ ቢሆን አፍርሶ ያቃናው ነበር፤ ይሄን ግን ከየት ጀምሮ ያፍርሰው?

“ማን ነው አባባ?”

“የሥራ ሰው ነው።”

ብዙም ሳይቆይ ደጅ ላይ መኪና ቆመ። አክስትየዋ በሩን ቆርቁረው ገቡና ቤቱን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

“ውይ፣ ሲያምር! ማን ነው የሠራው?”

“እኔ ነኝ” አለች ሚጣ። “አባባ የቀን ሠራተኛ ነበር።”

“ጎበዝ የኔ ልጅ! በይ እንግዲህ ሳይመሽ መንገድ እንጀምር። ቤቱንም ይዘነው እንሄዳለን፣ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል።”

ሻንጣዋ በር ሥር ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። እሱ ሻንጣውን አየ፣ ልጁን አየ። ሌሊቱን የተለማመደው ቃል አሁን ለምንም አይሆንም። ያን ጊዜ ዐይኑን በጨው አጥቦ፣ “አልደረቀም፣ እትዬ” አለ።

“ምኑ?”

“የጣራው ማጣበቂያ ነዋ። አሁን ከተነቃነቀ ይፈርሳል። እሷም እዚሁ ትቆይና... ለሳምንት ቢመጡ ይሻላል።”

ለሳምንት! ትናንት ማታ ድንጋይ የሆነ ማጣበቂያ። አክስትየዋ ፊት ላይ ቁጣ ፈልጎ አጣ፤ ያዘኑለት ነው የሚመስሉት፤ እሱ ደግሞ የባሰበት ይሄ ነው።

“ማጣበቂያው ይሁን” አሉ ቀስ ብለው። “ሰኞ ማታ በስንት ሰዓት ትገባለህ?”

“ሰኞ...” አለ።

ሚጣ ደረሰችለት። ጣቷን ጣራው ላይ ጫን አድርጋ አነሳችና፣ የተጣበቀባት ይመስል እጇን አራገፈች።

“እውነቱን ነው አክስቴ፣ ገና እርጥብ ነው። ይኸው ይዩት፣ ይይዛል። ደግሞ ሰኞ ዝናብ አይዘንብም።”

ጣቷ ደረቅ ነበር፤ ሦስቱም አዩት። ሚጣ ግን አላወረደችውም፤ አባቷን እያየች ወደ ላይ ቀስራ ያዘችው። ይህች ልጅ ዋሽታ አታውቅም። ለእሱ ስትል ስትዋሽ ሲያይ ልቡ ስንጥቅ አለ።

“ሰኞ ሙሌት አለብኝ፣ እትዬ” አለ። “መቼ እንደምገባ አላውቅም።”

ጎንበስ ብሎ ቤቱን በሁለት እጁ ከወለሉ አነሳው።

“ደርቋል” አለ። “የመኪናውን በር ይክፈቱልኝ።”