ጮክ ያለ አክብሮት

የአክስቴን ዕድሜ ለአውቶቡሱ የነገርኩት እኔ ነኝ። የአውቶቡስ ድርጅቱ ዕድሜውን በስልክ ያላረጋገጠ ሰው ካርዱ አይሠራም ስላለ፣ እሑድ ከሰዓት ሳሎኗ ውስጥ ቁጭ ብለን ቅጹን ሞላነው። መታወቂያዋን በፊትም በጀርባም አነሣን። ስልኩ ፊትሽን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ ሲላት እንደታዘዘች አዞረች። አራት ጊዜ ብርሃን አነሰ ብሎ መለሰን፤ መጋረጃውን ገለጥን። በመጨረሻ «መረጃዎ ከእኛ አይወጣም» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ሰኞ ጠዋት በድምፅ ማጉያ ወጣ።

በሩ አጠገብ ያለው የካርድ ማንበቢያ አዲስ ነው። የቀድሞው ጢጥ ብሎ ዝም ይል ነበር። ይኼኛው ሰላምታ ያቀርባል፣ ሰላምታውንም በዕድሜ ይሰፍራል፦ አርባ ያልሞላትን «እህቴ»፣ ከዚያ በላይ ያለችውን «እትዬ»፣ ስድሳ የሞላትን «እማማ»። ወንዶቹንም ወንድሜ፣ ጋሼ፣ አባባ ይላል። አክስቴ ካርዷን ስታስጠጋ «እንኳን ደህና መጡ፣ እማማ» አለ። የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡት ሳይቀሩ ቀና አሉ።

ለሌላው ሰው ቀልድ ነው። አክስቴ ግን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ናት፤ የፋብሪካው ባለቤት ደግሞ ስድሳ የሞላው ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል ብለው ከመቁረጫ ጠረጴዛው እንዲሰናበት ወስነዋል። የእሷ እጅ አይንቀጠቀጥም። ቆሜ አይቻለሁ፤ መቀሷ ከጠመኔው መስመር በአንድ ክር አይወጣም። የቅጥር ፋይሎቹ ድሮ ጣሪያ ሲያፈስ ስለበሰበሱ እዚያ ዕድሜዋን የሚያውቅ የለም። የሚሰናበቱትን ስም ጽፎ የሚያቀርበው የክፍሏ አለቃ ነው፤ ማታ ማታ ከፋብሪካው በር በአንድ አውቶቡስ ይሳፈራሉ።

ስለዚህ ሰኞ ማታ በእግሯ ቤቷ ገባች። ማክሰኞም እንዲሁ። ረቡዕ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ጫማዋ አልወልቅ አለ።

«የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ» አለች፣ እግሯን ውኃ ውስጥ ነክራ። «ደግሞ ያ አለቃ ሰሞኑን ምን እንደነካው አላውቅም። ያን የሚያህል ሰው አውቶቡሱ በር ላይ እንደ ተማሪ ይጋፋል።»

ሐሙስ ፈቃድ ጠይቀን ወደ ድርጅቱ ቢሮ ሄድን። መስኮት ሦስት መስኮት አምስት ሂዱ አለን፤ አምስት ወደ ሦስት መለሰን። ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለው ጸሐፊ ትሑት ነበር፤ ትሕትናው ነው ያናደደኝ። ድምፁ ለአንድ ሰው ተብሎ አይጠፋም አለ። ዕድሜው ተሳስቶ ከሆነ ግን ቅሬታ ማስገባት ይቻላል፤ ለዚያም መታወቂያና ፊት እንደገና መነሣት አለበት።

«ዕድሜዬ ልክ ነው» አለች አክስቴ። «ስሕተቱ መጮኹ ነው።»

«እኛ የማንንም ዕድሜ አንናገርም፣ እማማ። አክብሮት ነው የምንሰጠው።»

«እንግዲያው አክብሮቱን ዝም ብላችሁ ስጡኝ።»

ጸሐፊው አስተያየት መስጫ ቅጽ ሰጣት። የመጀመሪያው ጥያቄ ዕድሜ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰው መለመን ትቼ ያን የካርድ ማንበቢያ ሣጥን ማየት ጀመርኩ። ሥራዬ የደም ምርመራ ነው፤ መቁጠር አይሰለቸኝም። በዚያው ቀን አውቶቡሱ ውስጥ ከበሩ አጠገብ ተቀምጬ ሠላሳ አንድ ተሳፋሪ ቆጠርኩ። ሰላምታው ሦስት ሰከንድ ይፈጃል፣ መጠሪያው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ሦስቱ ሰከንድ ሳይሞላ ሌላ ካርድ ከተጠጋ የፊተኛውን ቆርጦ የኋለኛውን ይጀምራል። ሠላሳ አንድ ጊዜ አልሳተም። እንግዲህ አክስቴ የሚያስፈልጋት ከኋላዋ ቶሎ ካርዱን የሚያስጠጋ ወጣት ሰው ነው።

ዓርብ ማታ ፋብሪካው በር ላይ ጠበቅኋት። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ ሆነን ተሰለፍን። በሩ ሲከፈት የክፍሉ አለቃ በትከሻው ገፍቶኝ መሃላችን ገባ። አክስቴ ካርዷን አስጠጋች። «እንኳን ደህና...» ሲል አለቃው የራሱን አስጠጋ። የእሷ ተቆረጠ፤ ሣጥኑ እንደገና «እንኳን ደህና መጡ» ብሎ ጀመረ። አለቃው ዞሮ እጄን አየ። እጄ ላይ ካርድ አለ፣ ግን ደንግጬ ደርቄ ቀርቻለሁ።

«አባባ» አለ ሣጥኑ።

ከኋላ የተሰለፉት ልብስ ሰፊዎች ቀና ብለው አዩት። አለቃው ሰው እንዳይሰማው ዝቅ ብሎ «ምን አለበት ካርድሽን ቶሎ ብታስጠጊ?» አለኝ። ያን ጊዜ ግፊያው ገባኝ። እኔ ሰከንድ ቆጥሬ የደረስኩበትን እሱ በትከሻው ደርሶበት ኖሯል፤ የሚፈልገው ከኋላው ሰው እንዲኖር ብቻ ነው።

አክስቴ ከተቀመጠችበት ቦርሳዋን አንሥታ አጠገቧ ቦታ ለቀቀችለት።

«ና ተቀመጥ፣ ጋሼ።»

ትንሽ አመነታ። ከዚያ «እሺ፣ እትዬ» አለና ተቀመጠ።

የሚሰናበቱት ሰዎች ዝርዝር እስከ ዛሬ አልተጻፈም። ባለቤቱ ሲጠይቁ አለቃው ፋይሎቹ በስብሰዋል ይላቸዋል፣ እውነትም በስብሰዋል። እኔ ግን ከላቦራቶሪ ስወጣ ወደ ቤቴ የሚወስደውን አውቶቡስ ትቼ በየማታው ፋብሪካው በር ላይ እሰለፋለሁ፤ አክስቴ፣ ቀጥሎ አለቃው፣ ከኋላ እኔ። ሣጥኑ «እህቴ» ይለኛል።

በሚመጣው ዓመት አርባ ይሞላኛል።